የአለርጂ መድኃኒታችሁ ከገበያ ሲሰበሰብ፦ ከብልቃጡ እስከ ችሎቱ

"መድኃኒቱ ከገበያ ተሰበሰበ" የሚል ዜና ሲሰማ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ብልቃጡ ነው፤ አንስቶ ቆሻሻ ውስጥ ይወረውረዋል። ጤናውን ያተረፈ ይመስለዋል፤ የጣለው ግን ማስረጃውን ነው። ክኒኑን መዋጥ ማቆም አንድ ነገር፣ ብልቃጡን መጣል ሌላ ነገር። ሐኪሙም ጠበቃውም ቀድመው የሚጠይቁት ያንኑ ብልቃጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋነኛነት አሜሪካ ለሚኖሩ ነው፤ ኢትዮጵያ ላሉት የሚሆነው ወደ መጨረሻው ይገኛል። ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

አደጋው ከየት ይመጣል? የሴልዴን ነገር

ይህን ጉዳይ ለመረዳት ከሴልዴን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የንጥረ ነገሩ ስም ተርፈናዲን ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1985 ተፈቀደ። ከእሱ በፊት የነበሩት የአለርጂ ክኒኖች አፍንጫ ሲያደርቁ ዓይንም ይከድኑ ነበር፤ ይሄኛው እንቅልፍ አያመጣም። ባለ 60 ሚሊግራሙን ክኒን በቀን ሁለቴ ውጦ መኪና መንዳት ይቻላል ተባለ፤ ሰዉም ወደደው።

ችግሩ ያለው ጉበት ላይ ነው። የተዋጠው ተርፈናዲን ልብ ጋ ከመድረሱ በፊት ሲዋይፒ3ኤ4 የሚባል የጉበትና የአንጀት ኢንዛይም ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለውጠዋል። አለርጂውን የሚያስታግሰው ያ የተለወጠው ነው። ኢንዛይሙ ከታገደ ግን ተርፈናዲኑ እንዳለ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ልብ ከአንድ ምት በኋላ ራሷን ለሚቀጥለው የምታዘጋጅበትን የፖታሲየም መተላለፊያም ይዘጋል። የዝግጅቱ ጊዜ ይረዝማል። ኢሲጂ በሚባለው የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራ ላይ "ኪውቲ" ተብሎ የሚለካው ይህ ጊዜ ነው። በጣም ሲረዝም ቶርሳድ ደ ፖይንት የሚባል የተዘበራረቀ ምት ይነሳል፤ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ምቱ በራሱ ካልተስተካከለ ሊሞት ይችላል።

ኢንዛይሙን የሚያግዱት እንግዳ ነገሮች አይደሉም። ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞል፣ ለጉሮሮና ለደረት የሚታዘዘው ኤሪትሮማይሲን፣ የግሬፕፍሩት ጭማቂም ጭምር።

በ1990 የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ታሪክ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የ39 ዓመት ሴት ናት። ተርፈናዲን 60 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ታዘዘላት፤ ልክ እንደታዘዘው ወሰደች። በስምንተኛው ቀን የብልት ፈንገስ አስቸገራትና በራሷ ውሳኔ ኬቶኮናዞል 200 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ጀመረች። ሁለት ቀን አልቆየችም፤ ራሷን እየሳተች ሆስፒታል ገባች። በልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለው ኪውቲዋ 655 ሚሊሰከንድ ነበር። ከመጠን በላይ የወሰደችው ክኒን የለም፤ ጣጣው የመጣው ሁለቱ መድኃኒቶች አንድ ሰውነት ውስጥ ስለተገናኙ ነው።

በ1992 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ እንዲገባ ተደረገ። በ1996 ጉበት ተርፈናዲንን የሚለውጥበት ያ ሁለተኛው ንጥረ ነገር ራሱን ችሎ ተፈቀደ፦ ፌክሶፈናዲን፣ በገበያ ስሙ አሌግራ። ጥቅሙን የሚሰጥ፣ ልብን የማያውክ አማራጭ ከተገኘ በኋላ አሮጌውን ማቆየት ምክንያት አጣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍዲኤ በጥር 1997 ፈቃዱን ለማንሳት ሐሳብ አቀረበ፤ በ1998 መጀመሪያ ሴልዴን ከአሜሪካ መደርደሪያ ወረደ። የዚሁ ወገን የሆነው ሂስማናል፣ ማለትም አስቴሚዞል፣ በሰኔ 1999 ተከተለው።

እነዚህን ዓመታት የደረደርነው ለታሪክ ብለን አይደለም። ፍርድ ቤት ውስጥ ዋናው ጥያቄ "አምራቹ ምን ያውቅ ነበር፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ለማንስ ነገረ?" የሚል ነው። ከ1992 በፊት የተጎዳ ሰው ጣቱን ወደ አምራቹ ይቀስራል። ከማስጠንቀቂያው በኋላ የተጎዳው ደግሞ ሁለቱን መድኃኒቶች አብሮ ያዘዘውን ሐኪምና አብሮ የሸጠውን ፋርማሲ መጠየቁ አይቀርም። የእናንተም መድኃኒት የራሱ የዓመታት ዝርዝር አለው፤ የወሰዳችሁበት ቀን በየትኛው በኩል እንደሚውል ቀድማችሁ እወቁ።

የመጀመሪያው ቀን

አንደኛ፣ የተሰበሰበው ምን እንደሆነ አጣሩ። መድኃኒቱ በሙሉ ነው ወይስ የአንድ ጊዜ ምርት ብቻ? የአንድ ጊዜ ምርት ከሆነ "ሎት" የሚባለው ቁጥር ይገለጻል፤ ከእናንተ ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ አይመለከታችሁም። በማሸጊያው ትልቅ ስም አትመሩ፤ ከጀርባው ያለውን የንጥረ ነገር ስም አንብቡ። ዳይምታፕ የሚባለው የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒት ድሮ ፌኒልፕሮፓኖላሚን ነበረበት። ኤፍዲኤ በኅዳር 2000 ይህ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ ደም ከማፍሰስ ጋር ስለተያያዘ አምራቾች መሸጥ እንዲያቆሙ ጠየቀ። ዳይምታፕ ውስጡን ለውጦ በዚያው ስም መሸጡን ቀጠለ። "ዳይምታፕ ወስጃለሁ" ብቻ ያለ ሰው ምንም አላስረዳም።

ሁለተኛ፣ ክኒኑን አቁሙ፣ ለፋርማሲስቱም ደውሉ። አንድ ነገር ግን ለዩ፦ ለከባድ አለርጂ በኪስ የሚያዝ የኤፒነፍሪን መርፌ ቢሰበሰብ ምትኩ እጃችሁ እስኪገባ አትስጡት። ኤፒፔን በ2017 ሲሰበሰብ የተሰጠው ምክርም ይኸው ነበር። ሊበላሽ ይችላል ከሚባል መርፌ ይልቅ ምንም አለመያዝ ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ከሚከተሉት አንዱ ካጋጠማችሁ 911 ደውሉ፦ ራስን መሳት፣ ድንገት የሚጀምርና የሚያቆም የልብ መርበትበት፣ የደረት ሕመም፣ መንፈራገጥ። ቶርሳድ አንዳንዴ ልክ እንደሚጥል በሽታ ሰውን ስለሚያንፈራግጥ ሐኪሙ ወደ አንጎል ምርመራ ሊሄድ ይችላል። "የልብ ምት የሚያዛባ መድኃኒት ስወስድ ነበር" የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር መንገዱን ታቃናለች። ከቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለም ተናገሩ፤ በዘር የሚመጣ የኪውቲ መርዘም አለና።

አራተኛ፣ ኢሲጂ አስነሱ፣ ዛሬውኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀጠሮ ይይዝና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይነሳል፤ ወረቀቱ "ደህና ነው" ይላል። በእርግጥ ደህና ነው፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ወጥቷላ! ተርፈናዲንን የመሰለው በጥቂት ቀናት ይጠራል፤ አስቴሚዞል ግን ለሳምንታት ይቆያል። ዘግይቶ የተነሳ ጤናማ ኢሲጂ ጉዳት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ለተከሳሽ ጠበቃ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው። በተጨማሪ የደም ፖታሲየምና ማግኒዚየም እንዲለካ ጠይቁ፤ የሁለቱ ማነስ ብቻውን ኪውቲን ያረዝማል። ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ካለ እጥረቱ የተለመደ ነው።

ውጤቱን እንዴት ታነባላችሁ? ማሽኑ "ኪውቲ" እና "ኪውቲሲ" የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያትማል። የሚታየው ሁለተኛው ነው፤ በልብ ምት ፍጥነት የተስተካከለ ስለሆነ። ለወንድ ከ450፣ ለሴት ከ460 ሚሊሰከንድ በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ500 በላይ ከሆነ አሳሳቢ ነው። በእጅ ማስላትም ይቻላል። የልብ ምት በደቂቃ 90፣ ኪውቲ 400 ነው እንበል። 60ን ለ90 ስናካፍል 0.667 ሰከንድ፣ የዚህ ስኩዌር ሩት 0.816 ይሆናል። 400 ለ0.816 ሲካፈል 490 ይመጣል። 400 ተብሎ ሲታይ ምንም የማይመስለው ቁጥር 500 ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ልብ በጣም ሲፈጥን ይህ ስሌት እንደሚያጋንን ሐኪሞች ስለሚያውቁ በሌላ ቀመርም ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ወረቀቱን ራሱን፣ ሞገዶቹ የሚታዩበትን፣ ኮፒ ተቀበሉ፤ "ተነስቷል፣ ደህና ነው" የሚለው የሐኪም ማስታወሻ አይበቃም።

አምስተኛ፣ ምትክ ውሰዱ፣ አለርጂው አይጠብቅምና። ለአዋቂ የተለመዱት ፌክሶፈናዲን 180 ሚሊግራም፣ ሎራታዲን 10 ሚሊግራም ወይም ሴቲሪዚን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ናቸው፤ ኩላሊት የደከመበት ሰው መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ፌክሶፈናዲንን በውኃ ዋጡት። የብርቱካን፣ የፖም ወይም የግሬፕፍሩት ጭማቂ ከአንጀት እንዳይገባ ስለሚከለክለው መድኃኒቱ አልሠራም ያሰኛል። ያው ግሬፕፍሩት አባትየውን ተርፈናዲንን ሲያከማች ልጁን ፌክሶፈናዲንን ያሳንሳል። ሴቲሪዚንን ለወራት በየቀኑ ወስዶ ያቆመ ሰው ላይ ደግሞ ብርቱ ማሳከክ ሊነሳ እንደሚችል ኤፍዲኤ በግንቦት 2025 አስጠንቅቋል። "አለርጂዬ ባሰ" ብላችሁ ሁለትና ሦስት ክኒን አትደራርቡ።

ማስረጃ መሰብሰብ

የቀሩትን ክኒኖች ከነብልቃጡ፣ ከነካርቶኑና ከውስጡ ከተጣጠፈው ወረቀት ጋር በዚፕ ፕላስቲክ ከረጢት ከትታችሁ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡ። ፍሬዎቹን ቁጠሩና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ከረጢቱ ላይ ጻፉ። ብልቃጡን በአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከመለያው ላይ የምትፈልጉት የማዘዣ ቁጥሩን፣ የተሞላበትን ቀን፣ የአምራቹን ስምና ኤንዲሲ የሚባለውን ቁጥር ነው። ፋርማሲው ከትልቁ ዕቃ ቆጥሮ በቡናማው ብልቃጥ ሲሰጣችሁ የሎት ቁጥሩ መለያው ላይ ብዙ ጊዜ አይገባም፤ ስለዚህ ቶሎ ደውላችሁ መዝገባቸው ውስጥ ካለ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። የአምራቹ ስም ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ሕጉ ስንደርስ ይገባችኋል፤ አንዳንዴ ሙሉው ጉዳይ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ከዚያ ወረቀት ጠይቁ። ከፋርማሲው የአምስት ዓመት የመድኃኒት ዝርዝራችሁን፣ ከክሊኒኩና ከሆስፒታሉ ሙሉ መዝገባችሁን። የፌዴራሉ የሕክምና ምስጢር ሕግ፣ ሂፓ፣ መዝገባችሁን በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰጧችሁ ያስገድዳል፤ በቂ ምክንያት ካላቸው አንድ ጊዜ ብቻ በ30 ቀን ማራዘም ይችላሉ። ያለ ማዘዣ የገዛችሁት ከሆነ የሱቁ የአባልነት ካርድ ወይም የባንክ ካርድ መግለጫ ቀኑን ያሳያል።

በአንድ ገጽ ላይ ሌላውንም የወሰዳችሁትን ሁሉ ከነቀኑ አስፍሩ፦ አንቲባዮቲክ፣ የፈንገስ ክኒን፣ የወባ መድኃኒት፣ ቪታሚን፣ ዳማከሴ፣ ጫት። ጫትን የምንጠቅሰው ለመውቀስ አይደለም። ልብን ያስሮጣል፣ ሐኪሙም ማወቅ አለበት። ደግሞ ክስ ከተከፈተ የተከሳሽ ጠበቃ የሕክምና ታሪካችሁን ከሥር መሠረቱ ይቆፍራል፤ ደብቃችሁት ከተገኘ የሚጎዳችሁ ጫቱ ሳይሆን መደበቁ ነው። ሀገር ቤት ሄዳችሁ በወባ ታማችሁ ክሎሮኪን ወስዳችሁ ከነበረም ጻፉት፤ ክሎሮኪን ራሱ ኪውቲን ያረዝማል።

የቋንቋው ጉዳይ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። "ራሴን አዞረኝ"፣ "ዓይኔ ጨለመብኝ"፣ "ራሴን ስቼ ወደቅሁ" የሚሉት ለልብ ሐኪም ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ባልሠለጠነ አስተርጓሚ አፍ ግን ሦስቱም መፍዘዝ ሆነው ይመዘገባሉ። "ልቤ ይመታል" ማለት ለእኛ ቅሬታ ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ግን ምንም አይደለም፣ የማን ልብ ነው የማይመታው? ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ቆማችሁ ነበር ወይስ ተኝታችሁ፣ ወድቃችኋል ወይ፣ ማን አየ፣ ከመጨረሻው ክኒን ስንት ሰዓት በኋላ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። ከወጣችሁ በኋላ መዝገቡን አንብቡና የተሳሳተ ነገር ካለ በጽሑፍ እንዲታረም ጠይቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ችሎት ላይ የሚነበበው ያ ወረቀት ነው።

ሪፖርት ማድረግ

ለኤፍዲኤ የሚቀርበው ሪፖርት ሜድዋች ይባላል። ለታካሚ የተዘጋጀው ቅጽ ቁጥር 3500ቢ ነው፤ በድረ ገጽ ይሞላል፣ በስልክ 1-800-332-1088 ደውሎም ማግኘት ይቻላል። በሁለት ነገር አትታለሉ። ሪፖርቱ ክስ አይደለም፣ ካሳም አያስገኝም፣ የይርጋን ጊዜ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያውን ቀነ ገደብም፣ አያቆምም። ሁለተኛ፣ የጻፋችሁት ኋላ ከምትናገሩት ጋር ስለሚነጻጸር ቀኑንና መጠኑን ከብልቃጡ እያያችሁ ሙሉ፤ ከትዝታ አይሁን።

ለአምራቹ የደንበኞች ስልክ መደወል የግድ አይደለም። ከደወላችሁ ጥሪው ይቀረጻል። ክኒኖቹን እንድትልኩላቸው ሊጠይቁም ይችላሉ፤ ጠበቃ ሳታማክሩ አትላኩ። የሚላክላችሁ ተመላሽ ገንዘብ "ሌላ ጥያቄ የለኝም" ከሚል ወረቀት ጋር ከመጣም አትፈርሙ።

ሕጉ ምን ይፈቅዳል?

መድኃኒቱ መሰብሰቡ ብቻውን ክስ አያስረታም። ብዙ ሰው ቅር የሚሰኘው እዚህ ላይ ነው። ከሳሽ ይህን መድኃኒት መውሰዱን፣ የደረሰበትን ጉዳት፣ ጉዳቱንም ያመጣው መድኃኒቱ መሆኑን ማስረዳት አለበት፤ ከዚያ በላይ ምርቱ ጉድለት እንደነበረበት ወይም ማስጠንቀቂያው በቂ እንዳልነበረ። ምንም ሳይሆን መድኃኒቱን የወሰደ፣ አሁን ግን የፈራ ሰው ቢበዛ የከፈለውን ዋጋ ሊያስመልስ ይችላል። ፍርሃት ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ ካሳ አያሰጥም።

በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ላይ አምራቹ የማስጠንቀቅ ግዴታውን የሚወጣው ለሐኪሙ በመንገር ነው፤ ይህ በአብዛኞቹ ስቴቶች የጸና መርሕ ነው። ስለዚህ ጥያቄው "አንተ ብታውቅ ኖሮ" ሳይሆን "ሐኪምህ ቢነገረው ኖሮ ያዝልህ ነበር ወይ?" ይሆናል። የሐኪማችሁ ማስታወሻ ሚዛን የሚደፋውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አምራቹ ስም እንመለስ። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዲያና ሌቪንን ጉዳይ ወሰነ። የቬርሞንት ሙዚቀኛ ናት፤ ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ፌነርጋን፣ ማለትም ፕሮሜታዚን፣ በደም ሥር ሲሰጣት ደም ከልብ ወደሚያወጣው ሥር (አርተሪ) ገብቶ ክንዷ ተቆረጠ። ፕሮሜታዚን ለአለርጂም የሚሰጥ አንቲሂስታሚን ነው። አምራቹ "ኤፍዲኤ መግለጫዬን አጽድቆታል" ብሎ ሊያመልጥ ሞከረ፤ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በ2011 ያው ፍርድ ቤት የጀነሪክ አምራቾች፣ ማለትም የዋናውን መድኃኒት ንጥረ ነገር ተከትለው የሚሠሩት፣ መግለጫቸውን ከብራንዱ (ከዋናው) ለይተው መለወጥ ስለማይችሉ በማስጠንቀቂያ ጉድለት ሊከሰሱ አይችሉም አለ። በ2013 ደግሞ በምርቱ ጉድለት የሚቀርበውን ክስም በአብዛኛው ዘጋው። በአጭሩ፣ አንዱ ጎረቤት ብራንዱን፣ ሌላው ጀነሪኩን ውጠው እኩል ቢጎዱ አንደኛው ይከሳል፣ ሁለተኛው በሩ ላይ ይመለሳል። ፍትሐዊ አይመስለንም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው። የጀነሪክ ተጠቃሚም ቢሆን ባዶ እጁን አይደለም። ምርቱ የተበከለ ወይም መጠኑ የተሳሳተ ከሆነ፣ ወይም የማይጣጣሙ ሁለት መድኃኒቶችን አብረው ባዘዙና ባደሉ ላይ የሚቀርብ ክስ የተለየ መንገድ አለው፤ የራሱ ቀነ ገደብም አለው።

ይርጋ ሰውን ሳይሰማው ያልፋል። በሰውነት ላይ ለደረሰ ጉዳት በቨርጂኒያ፣ በካሊፎርኒያ፣ በቴክሳስና በጆርጂያ 2 ዓመት ነው፤ በሜሪላንድ፣ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ስቴት 3 ዓመት፤ በቴነሲ 1 ዓመት ብቻ። አሌክሳንድሪያ የሚኖርና ወንዙን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው የአንድ ዓመት ልዩነት አላቸው ማለት ነው። አንዳንድ ስቴት ጊዜውን ጉዳቱን ካወቃችሁበት ቀን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን። በዚህ አትወራረዱ፤ ራሳችሁን ከሳታችሁበት ቀን ቁጠሩ። መድኃኒቱ ከተሰበሰበበት ቀን መቁጠር ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ሰው በሞተ ጊዜ የሚከፈተው ክስ የራሱ ጊዜ አለው። በ1990ዎቹ ሴልዴን ወስዶ ዛሬ ልክሰስ ለሚል ሰው በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል።

ጠበቃ መያዝ

እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ በቅድሚያ ገንዘብ አይቀበልም፤ ካሸነፈ ከተገኘው ከ33 እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ዜግነት ወይም መኖሪያ ፈቃድ ካሳ ለመጠየቅ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉ፦ ጉዳዩን ራስህ ትይዘዋለህ ወይስ ለሌላ ቢሮ ታስተላልፈዋለህ? ብንሸነፍ የባለሙያና የፍርድ ቤት ወጪውን ማን ይከፍላል? የእኔ ይርጋ የሚያበቃው በየትኛው ቀን ነው? በቴሌቪዥንና በማኅበራዊ ሚዲያ "ይህን መድኃኒት ወስደዋል?" እያሉ የሚያስተዋውቁት ብዙዎቹ ሰብስበው ለሌላ የሚያስተላልፉ ናቸው። ነውር የለበትም፤ ግን ስልካችሁን የሚያነሳው ማን እንደሚሆን እወቁ።

አንዲት ሐረግ ምን ያህል ገንዘብ እንደምትቀይር እንይ። ስምምነቱ 90,000 ዶላር፣ ወጪው 9,000፣ የጠበቃው ድርሻ 40 በመቶ፣ የጤና መድኅኑ ዕዳ 15,000 ነው እንበል። ድርሻው ከጠቅላላው ከታሰበ ጠበቃው 36,000 ይወስዳል፣ ለእናንተ 30,000 ይተርፋል። ወጪው ቀድሞ ከተነሳ ከ81,000 ላይ 32,400 ይወስዳል፣ ለእናንተ 33,600። ልዩነቱ "ከወጪ በፊት" ወይም "ከወጪ በኋላ" የሚል ሐረግ ነው። የመድኅኑ ዕዳ ያልነው እውነተኛ ነገር ነው፦ ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ለሕክምናችሁ ከፍለው ከሆነ ከካሳው ላይ ድርሻቸውን ይጠይቃሉ። ጠበቃው ዕዳውን ለማስቀነስ ይደራደር እንደሆነ ጠይቁት።

የመድኃኒት ጉዳት ክሶች ሲበዙ "የጋራ ክስ" ይሆናሉ ተብሎ ይወራል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይሆኑም። ከየስቴቱ የተከፈቱት የፌዴራል ክሶች ለቅድመ ዝግጅቱ ያህል በአንድ ዳኛ ፊት ይሰባሰባሉ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ ክስ ሆኖ ይቀራል። ስማችሁ እዚያ ስላለ ሥራው ተሠርቷል ማለት አይደለም። የፌኒልፕሮፓኖላሚን ክሶች ሲያትል ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ተሰባስበው ነበር። እያንዳንዱ ከሳሽ ምን ምርት መቼ እንደወሰደ የሚገልጽ መጠይቅ እንዲሞላ ታዘዘ። በጊዜው ያልሞሉ ከሳሾች ክሳቸው ተሰረዘ፤ የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2006 አብዛኛውን አጸና። ለዚህ ነው ብልቃጡን፣ ደረሰኙንና ቀኑን እየደጋገምን የምናነሳው። ከጠበቃ ቢሮ የሚመጣውን ፖስታ ክፈቱ፤ አድራሻ ስትቀይሩ በዚያው ሳምንት አሳውቁ።

ኢትዮጵያ ላላችሁና ወደ ኢትዮጵያ ለምትልኩ

ለእናት "ለሳይነስ ጥሩ ነው" ተብሎ በሻንጣ የሚላከው ክኒን የራሱ መዘዝ አለው። አሜሪካ ውስጥ ቢሰበሰብ ማስታወቂያው እሳቸው ጋ አይደርስም። ለእናንተ በታዘዘ መድኃኒት ቢጎዱ ደግሞ አምራቹ ቀድሞ የሚለው "ለእሳቸው አልታዘዘም" ነው። የላካችሁትን መዝግቡ፤ መሰብሰቡን ስትሰሙ ደውላችሁ ስሙን በፊደል እያስነበባችሁ አረጋግጡ፤ "ነጯ ክኒን" ብሎ መነጋገር አደጋ ነው።

ሀገር ውስጥ የሚገዛው ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ፋርማሲው አሥር ፍሬ ካለው ስትሪፕ ላይ አራቱን በመቀስ ቆርጦ ይሰጣል፤ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን የታተሙት በአንደኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሱቁ ይቀራሉ። ሲቆረጥላችሁ ያንን ጫፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ደረሰኝም ተቀበሉ። የጎንዮሽ ጉዳት ሲደርስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃው መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል፤ ያከማችሁ ባለሙያም ቢጫውን የጎንዮሽ ጉዳት ማሳወቂያ ቅጽ እንዲሞላ ጠይቁ።

ሕጉን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ ይችል የነበረ ከሆነ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። ክኒን ውስጥ ያለን ጉድለት ገዢ በዓይኑ አያይምና ይህ የኋለኛው ለተጎጂው ይመቻል። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳው ክስ መቅረብ ያለበት ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ከሻጩ ጋር ያለው ግንኙነት ውል ስለሆነ ክሱ በየትኛው በኩል ይቅረብ የሚለውን ጠበቃ ይወስን።

ከረጢቱ ውስጥ ያስቀመጣችሁትን ክኒን ጉዳዩ አልቆ ጠበቃችሁ በጽሑፍ "አስወግዱ" ካላችሁ በኋላ አሜሪካ ከሆናችሁ ፋርማሲ ወይም ፖሊስ ጣቢያ ባለው የመድኃኒት መመለሻ ሣጥን ክተቱት፤ ሣጥን ከሌለ ከተጠቀማችሁበት የቡና አተላ ጋር ቀላቅላችሁ፣ አሽጋችሁ ጣሉት። ብልቃጡ ላይ ያለውን ስማችሁን ቀድማችሁ ፋቁት።